ሰማንያ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ

መኪናዬ አሮጊት ናት፤ ሬዲዮዋ ግን አልደከመ፤
ዳሩ እዚህ አገር ሬዲዮው ራሱ
ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዲጂታል ከተመ።
የኤፍ ኤም መንደር ወና ቀረ፤
ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታስሰው
ዘይት እንደጋለበት መጥበሻ ሽሽታ ብቻ ነው።

መላውን የነገረኝ ፍስሐጽዮን ነው፣ የስታቫንገሩ ጎሚስታ፤
«ወና ቤት ካገኘሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢበት!» አለኝና
አውራ ጣት የምታክል ማሰራጫ ሰጠኝ፣
ሲጋራ መለኮሻው ጉድጓድ ውስጥ የምትሰካ።
የማጫወቻዬን ጭራ አስገባሁባት፤
ዘፈኔ ከኪሴ ተነሥታ፣ አንድ ክንድ በአየር በርራ፣
በገዛ ሬዲዮዬ በኩል መጣችልኝ
ከሩቅ አገር እንደ ገባች እንግዳ ኮርታ።
ሰማንያ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ፤
ይኸው ባለ ጣቢያ ሆንኩኝ!
ጋዜጠኛው እኔ፣ አድማጩ እኔ፣
በየመሀሉ ሳዛጋ፣ ማስታወቂያውም እኔ።

እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ፣ ከሃልየም ወደ ቮጌ በሚሻገረው መርከብ፣
የአዛውንቶች ቤት ፈረቃዬ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣
መኪኖቹ እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድረው፣
ስፖኪዮ ለስፖኪዮ ተነካክተው፣
ሞተር ጠፍቶ፣ ዝናቡ ግራና ቀኝ እየወረደ፣
ትራክ ዜሮ አራትን ከፈትኩ።
ፍስሐጽዮን ዘፈን ሲሞላ ስም አይጽፍም፤
ዘፋኙን አላውቀውም።
ድምፁ ሻካራ፣
ማሲንቆው እንደ አበዳሪ ከኋላው የሚከተለው፦

   ሰማዩ ቢከፋ፣ ደመናው ቢመጣ፣
   ጥላ ጥላ ሄደች፣ ከቤቴ ስትወጣ።

በስተግራዬ፣ አረንጓዴ ቮልቮ ውስጥ፣
አንድ ሽማግሌ ቀና አለ።
ዳሽቦርዱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣
ሬዲዮውን በጣቱ ቆረቆረ፤
ከዚያ ድምፁን ጨመረ።
የኔው ማሲንቆ ከሰው መኪና ሲያለቅስ ሰማሁ!
ሰው ግቢ ልብስ ሳሰጣ የተያዝኩ ያህል ደነገጥኩ፤
ላጠፋው እጄን ስዘረጋ
መስኮቴን አንኳኳ።

ቶርላይቭ እባላለሁ አለ።
«ይሄ ሬዲዮ ስድስት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰም።
ከዝምታ ይሻላል ብዬ ሽሽታውን ነበር የምሰማው።
ዛሬ ዘፈነ። አንቺ ነሽ?»
እኔ ነኝ አልኩ፣ እንደ ሌባ።
«አታጥፊው። ግን ምንድን ነው የሚለው?»

ምን ልበለው?
ሁለት ዓመት የተማርኩት ኖርዌይኛ
«የት ጋ ያምዎታል?»፣ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ነው፤
ሰሙን እንደ ምንም ቢሸከም ነው፣ ለወርቁ ጉልበት የለው።
«ስለ ዝናብ ነው» አልኩት።
ሳቀ። «ስለ ዝናብ ከሆነማ
የኛው አገር ሰው ነዋ!»
ጣሪያዬን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ።

በሩን ሲከፍት አየሁት፤
ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ቀይ የሴት ጥላ፣
ቀበቶ ታስሮላት፣
እጀታዋ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ባሕር እንደሚያይ ሰው።
ደረቅ ናት።
በዚህ ዝናብ፣ በዚህ አገር፣
አቧራ ለብሳ ደረቅ ናት።

ትራክ ዜሮ አራት አለቀ።
አምስት ሊጀምር ሲል ወደ ኋላ መለስኩት።
   ጥላ ጥላ ሄደች…
ሽማግሌው አንገቱን በዜማው ነቀነቀ፣
አንድም ቃል ሳይገባው፤
ወይም፣ እንጃ፣
ከኔ ቀድሞ ገብቶት።

ቮጌ ደረስን። ሰንሰለቱ ተፈታ፤
የሱ ረድፍ ቀድሞ ወጣ።
የማሰራጫዬ ጉልበት ስንት ክንድ ነው?
ከኋላው ሆኜ አሰብኩት፣
ዘፈኑ እየሳሳ፣ ሽሽታው እየዋጠው ሲሄድ፤
ነዳጅ ረገጥኩ፣ ተጠጋሁት፣
የቮልቮው ቀይ መብራት ዝናቡ ውስጥ ሲርገበገብ ተከተልኩት፣
የሥራ ቤቴ መታጠፊያ
በቀኝ በኩል አልፎኝ ሄደ።